ከእትዬ ጥሩ ማጭድ ሸሽቼ

ከአገሬ በወጣሁበት ዋዜማ፣ ገና ሲመሽ፣ አክስቴ እትዬ ጥሩ ማጭዳቸውን ፍም ውስጥ ቀብረው ይጠብቁኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማግስቱ ማለዳ ከንፋስ መውጫ በሚነሳው ሚኒባስ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ቤይሩት ልሄድ ዘመድ አዝማዱ ሊሰናበተኝ ተሰብስቧል። ልቤ ይመታል። መምታትስ የማንም ልብ ይመታል፤ የኔው ግን እንደ ጠቦት ነበር የሚዘለው። ዘለል ዘለል ይልና ቆም፣ ደግሞ ደራርቦ ይዘልና ቆም። ለእንግዶቹ ውሃ ልቅዳ ብዬ ጎንበስ ስል ዓይኔን ጭልም አድርጎኝ እንስራው ላይ ተደገፍኩ። እትዬ ጥሩ አዩኝ። እትዬ ጥሩ አንድ ነገር ካዩ ደግሞ አለቀ።

«አንች ልጅ፣ ነይ እስቲ ደረትሽን ልየው።»

«ደህና ነኝ እትዬ፤ የመንገድ ፍራቻ ነው።»

«የመንገድ ፍራቻ የሚይዝ እግር ነው። ይኸ ልብ ነው። ከግራ ጡትሽ በታች ጠቆም ጠቆም ባደርግልሽ ያርፍልሽ ነበር።»

እትዬ ጥሩ በቀበሌያችን በመተኮስ የታወቁ ናቸው። ጥጃ ቢያስል፣ ልጅ ጉሮሮው ቢያብጥ፣ ጎልማሳ ወገቤን ቢል፣ የማጭዳቸውን ጫፍ እስኪቀላ ያግሉና ቆዳውን ቸስ ያደርጉታል። የዳነም አለ፣ ያልዳነም አለ፤ ጠባሳ ሳይዝ የቀረ ግን የለም። የኔ ክንዴ ላይ አለ። በልጅነቴ ምን ሆኜ እንደተተኮስኩ ማንም አያስታውስም፤ ማጭዱን ግን እኔ አስታውሰዋለሁ። ስለዚህ ያን ዕለት ማታ ነጠላዬን ደረቴ ላይ ጠቅልዬ ከአባቴ ጀርባ ገባሁ።

አባቴ በጋይንቱ የቤተ ልሔም ገዳም ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ተያት ጥሩ፤ መንገደኛ በቁስል አይሸኝም» አሉ።

«እንግዲህ ወንድም ጋሼ ካሉ ይቅር» አሉ እትዬ ጥሩ ማጭዱን ከፍሙ እያወጡ። ቀጥለው ወደኔ ዞር አሉና፣ «የትም ብትሄጅ ግን ይኸ ልብ ሳይተኮስ አይቀርም። ያን ጊዜ ጥሩ ብላኝ ነበር በይ።»

ሲነጋ አባባ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ሸኙኝ። እኔ የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀስኩም። እሳቸው ናቸው ፊታቸውን ወደ ጉና አዙረው የቆሙት። «ስትመለሽ ዳገቱን እንዳትረሽው» ብቻ ነበር ያሉኝ።

ቤይሩትን አላበዛባችሁም። ከእናንተ ውስጥ እዚያ የኖራችሁ እህቶቼ ታውቁታላችሁ፤ ያላወቃችሁትን ደግሞ አምላክ ይሰውራችሁ። ለብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ አሠሪዎቼ ለዕረፍት ወደ ሆላንድ ሲመጡ ልጆቹን እንድይዝላቸው አመጡኝ። ፓስፖርቴ ከማዳሟ ቦርሳ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ወተት ግዥ ብለው ላኩኝ። ወተቱን ገዛሁ፣ ተመልሼ ከመልሱ ጋር በራቸው ላይ አስቀመጥኩ፣ ቀጥዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ጠፋች ቢሉኝ ይበሉኝ፣ ወተት ይዛ ጠፋች እንዲሉኝ ግን አልፈለግሁም።

ጥገኝነት ስጠይቅ የመረመረኝ ሰውዬ ጨዋ ነበር። ካርታ ዘረጋ።

«ከየት ነሽ?»

«ከጋይንት።»

ፈለገ። ጋይንት በካርታው ላይ የለችም። «የት ጋ ነው እሱ?»

«ከስማዳ በላይ፣ እስቴን ስታልፍ።»

ስማዳን ፈለገ፣ የለም። እስቴን ፈለገ፣ የለም። «ስማዳ የት ነው?»

«ጋይንት አጠገብ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ጥቂት መስኮቱን አየ። ከዚያ ደግሞ፣ «አካባቢያችሁ ትልቅ ተራራ አለ?» አለኝ። ጉና አልኩት። ጉና ካርታው ላይ ተገኘ። ደስ አለውና፣ «ከፍታው ስንት ነው?»

«እንወጣዋለን እንጂ አንለካውም።»

አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ስለነበር ሳቁን ሳል አደረገው። ፈቃዱ ብዙ ቆይቶ መጣ። እስከ ዛሬ የሚመስለኝ ያመነኝ ለጉና ሲል ነው።

ሆላንድን እንዴት ልንገራችሁ? አምላክ ሲፈጥራት በመዳመጫ የተዳመጠች ይመስል ዳገት የሚባል ነገር የላትም። በመጀመሪያው ሰሞን ወጥቼ ዓይኔ የሚያርፍበት ጉብታ ስፈልግ እውል ነበር። ላሞቹ እንኳ እንደኛዎቹ ገደል አፋፍ ቆመው አያስደነግጡም፤ በሜዳው ላይ እንደ ተሰጣ ልብስ ተበትነው ይተኛሉ። ንፋሱ ግን ዘመድ ነው። ከንፋስ መውጫ የወጣው ንፋስ የት እንደሚገባ በልጅነቴ እጠይቅ ነበር፤ እዚህ ነው የገባው። ድንቻቸውም መልኩ የጋይንትን ድንች ይመስላል፣ ስትቀምሱት ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ሰላምታ ነው፤ ያው ነው ግን አይሞቅም።

የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ነው። የምኖረው ሜኔር ቪም ከሚባሉ ሽማግሌ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ሜኔር ማለት ጌታዬ እንደማለት ነው፣ ለሴቷ መቭራው ይላሉ። እሳቸው ምድር ቤት፣ እኔ ከራሳቸው በላይ። ገና እንደገባሁ ሰሞን በሬን አንኳኩ።

«መቭራው የውብዳር፣ ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ የሚወድቀው ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በየቀኑ?»

«በጾም ይበዛል።»

ሜኔር ቪም መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ሐኪም አይቶሻል?»

«ስግደት ነው ሜኔር። እግዚአብሔርን ነው የማመልከው።»

«ገባኝ። እግዚአብሔር ቁርስ ካበቃ በኋላ አይቀበልም?»

አይቀበልም አላልኩም፤ ግን እንዴት ብዬ ላስረዳቸው። በማግስቱ ከምድር ቤት አንድ ወፍራም አሮጌ ምንጣፍ ተሸክመው አመጡልኝና፣ «በዚህ ላይ ውደቂ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሆንን። አንዳንድ እሑድ ቡና ይጠሩኛል። ከቆርቆሮ አንድ ብስኩት ያወጡልኛል፣ ቆርቆሮውን ይከድኑታል። ብሉ፣ ድገሙ፣ በሞቴ፣ እኔን፣ የሚል የለም። መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር። በኋላ ሳስበው፣ እኛ አገር በሞቴ እየተባልኩ የበላሁትን ሁሉ አሁን ልቤ ሳይሸከመው አልቀረም።

ልቤ እንግዲህ እዚህም አልተወኝም። ብስክሌት ስነዳ፣ የአረጋውያኑን አንሶላ ስሸከም፣ ያ የዋዜማው ዝላይ ይመጣል። ሁይስአርትስ ወደሚሉት የሰፈር ሐኪም ሄድኩ። እዚህ ያላችሁ ምን እንዳዘዘልኝ ሳልነግራችሁ ታውቃላችሁ። ፓራሲታሞል። «ልቤ ነው» ስለው፣ «ውሃም ጠጪ» አለኝ። ሆስፒታል ያደረሰኝ አንድ ቀን ሥራ ላይ መውደቄ ነው። የወደቅሁት አንዲት ሽማግሌ አልጋ ላይ ስለነበር ምንም አልሆንኩም። ሽማግሌዋ ግን ደወሏን ተጭና፣ «አስታማሚዬን አስታምሙልኝ» ብላ ነርሶቹን ጠራችልኝ።

ሆስፒታል ሄጄ የልብ ሐኪሟን ዶክተር ማሪትን ያገኘኋት ያን ጊዜ ነው። ረጅም፣ ፀጉሯን የማታበጥር፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሥዕል ስላ አሳየችኝ። የልብ ላይኛው ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል፤ ታችኛውም ግራ ተጋብቶ አንዴ ይሮጣል አንዴ ይቆማል። ደሙ ደግሞ ጥግ ላይ ባለች አንዲት ኪስ ውስጥ ተኝቶ ሊረጋ፣ የረጋውም ወደ ራስ ሊወጣ ይችላል። እኔ የመሪጌታ ልጅ ስለሆንኩ ቶሎ ገባኝ። ማኅሌት ቆመው ከበሮ መቺው ቢያንቀላፋ ማለት ነው። ጸናጽሉም መቋሚያውም የሚይዘው ያጣል።

ደም የሚያቀጥን ክኒን ተሰጠኝ። አስተኝተው በኤሌክትሪክ መትተውም አስተካከሉልኝ፤ ልቤ ለጥቂት ሰሞን እንደ አዲስ ዲያቆን ቀጥ ብሎ ቆየና ወደ ዝላዩ ተመለሰ። ከዚያ ዶክተር ማሪት አንዲት ትንሽ መሣሪያ ደረቴ ላይ በሽቦ አጣብቃ፣ «አንድ ቀን ሙሉ አድርጊው፤ የልብሽን አመታት ይቀዳል» አለችኝ።

«ምን ልጠንቀቅ?»

«ገላሽን አትታጠቢ። ሌላው እንደ ወትሮሽ ኑሪ።»

«እንደ ወትሮዬ?»

«በትክክል እንደ ወትሮሽ። ያለዚያ አይጠቅመንም።»

እኔ የታዘዝኩትን የማጓድል ሰው አይደለሁም። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱም አመሻሽ ነበር፤ የኛ የጸሎተ ሐሙስ። ማግስቱ ስቅለት ነው። ከፈረንጆቹ በምንከራየው ቤተ ክርስቲያን ከጠዋት ጀምሮ ከሕዝቡ ጋር ስሰግድ ዋልኩ። መሣሪያዋ በቀሚሴ ውስጥ ከኔ ጋር ትነሳለች፣ ከኔ ጋር ትወድቃለች። ከቀትር በኋላ ልቤ በጣም ሲዘል ዳር ይዤ ተቀመጥኩ፤ ጥቂት ሲለኝ ደግሞ ተነሳሁ። ማታ ሲወጡ እንደሚደረገው በወይራ ቅጠል ተጠብጥቤ፣ የቀረችኝንም ስግደት ጨርሼ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ፋሲካ አልፎ ዶሮዬን እየበላሁ፣ ዶክተር ማሪት ራሷ ደወለች።

«የውብዳር፣ ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው?»

«መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብለን ነበር። አርብ ዕለት ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ስሰግድ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ከጠዋት እስከ ማታ።»

«ምን በልተሽ?»

«ምንም።»

«ውሃስ?»

«ስቅለት እኮ ነው።»

ከኋላዋ ሌላ ሰው ምን አለች ሲላት ይሰማኛል። «ይህን እንድታደርጊ ማን አዘዘሽ?»

«አንቺ። እንደ ወትሮሽ ኑሪ አልሽኝ።»

ልትቆጣ ፈልጋ ነበር መሰለኝ፣ ሳቋ ቀደማት። ከዚያ ግን ቁም ነገሩን ነገረችኝ። ልቤ ከቀትር በኋላ ፈጽሞ ሥርዓት አልያዘም፤ ክኒን ብቻውን እንደማይበቃ ታየ። ለጊዜው ስግደት ይቅር አለች። በሳምንቱ መጥተሽ እንነጋገር አለች።

በሳምንቱ ሁለት መንገድ አስቀመጠችልኝ። አንደኛው በብሽሽት በኩል እስከ ልብ ቀጭን ሽቦ ማስገባት ነው። ሁለተኛው፣ ደረት ሳይከፈት፣ በግራና በቀኝ ጎን በጎድን አጥንቶች መካከል ትንንሽ ቀዳዳ በስቶ በካሜራ እያዩ ልብ ጋ መድረስ። አስተኝተውኝ፣ አንዱን ሳንባ እያሳረፉ በሌላው እተነፍሳለሁ። ደም የሚረጋባትንም ኪስ በመቆንጠጫ ይዘጓታል። ልቤ ብዙ ዘመን ስለሳተ፣ ላይኛው ክፍልም ስለሰፋ፣ ለኔ ሁለተኛው ሳይሻል አይቀርም አለች።

እኔ ገና ብሽሽት ስትል ወስኜ ነበር። «በጎን ይሁን» አልኳት። «ጌታዬም የተወጋው ጎኑን ነው።» ብዬው ደነገጥኩ፤ ራሴን ከማን ጋር እንዳስተያየሁ ገብቶኝ አማተብኩ። ዶክተር ማሪት ማማተቤን ፍርሃት መስሏት እጄን ያዘችኝ።

«ልቤ ጋ ከደረሳችሁ በኋላስ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«የተሳሳተው ምልክት የሚያልፍበትን መንገድ እንዘጋለን። ልብሽ ላይ በሙቀት ትንንሽ መስመር እናቃጥላለን፤ ሲድን ጠባሳ ይሆናል። ምልክቱ ጠባሳን አያልፍም።»

«ታቃጥሉታላችሁ?»

«በጣም በጥንቃቄ።»

ያን ጊዜ ሳቅ መጣብኝ። አቅቶኝ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ዶክተር ማሪት ውሃ አመጣችልኝ። እንዴት ብዬ ልንገራት? ቤይሩትን አልፌ፣ ፖሊስ ጣቢያ አልፌ፣ የእነሱን ቋንቋ ስማር ጉሮሮዬ ተልጦ፣ እዚህ የደረስኩት ከእትዬ ጥሩ ማጭድ ሸሽቼ ነው። ማጭዱ ለካስ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ያውም ካሜራ ይዞ።

ሳቄ ሲያልቅ ጠየቅኋት። «ይድናል?»

«ለብዙዎች ይረጋጋል። ለአንዳንዶች ተመልሶ ይመጣል። መድማት ሊኖር ይችላል፣ ሳንባ ሊታመም ይችላል፣ ከዚያ የከፋም አልፎ አልፎ አለ። አልዋሽሽም።»

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እኔ አንቺን አይደለሁም። መወሰን ያለብሽ አንቺ ነሽ።»

እዚህ ላይ ተቀየምኳት። በኛ አገር ሰው ስለ ገዛ ራሱ ገላ ብቻውን ወስኖ ያውቃል? ጥርስ ለማስነቀል እንኳ ጎረቤት ይሰበሰባል። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ፤ «ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፤ እጸልያለሁ፤ ልብሽ ያለሽን አድርጊ» አሉኝ። አባ፣ የታመመው እኮ ልቤ ነው፣ ልላቸው ብዬ ተውኩት።

«ባላደርገውስ?» ብዬ ጠይቄ ነበር ዶክተሯን በመጨረሻ።

«እዚህ ከክኒኑ ጋር ልትኖሪ ትችያለሽ። አገሩ ሜዳ ነው።»

«አገሬ ብሄድስ? አባቴ አርጅተዋል። ዳገት ላይ ነው ያሉት።»

«ምን ያህል ዳገት?»

ለመርማሪው ያልኩትን ልላት አልፈለግሁም። ኮምፒውተሯ ላይ ንፋስ መውጫን ፈልጊ አልኳት። እሷ ግን አገኘችው፤ ከፍታውን አይታ ወንበሯን ወደኋላ ገፋች። «ልብሽ እንዲህ እየመታ፣ ከሆስፒታል ርቀሽ፣ እዚያ ውጪ አልልሽም» አለችኝ።

ይኸው ነው እንግዲህ ነገሩ። በሜዳ ላይ ለመኖር ቀዶ ጥገና ላያስፈልገኝ ይችላል። አባቴን በዓይኔ ለማየት ግን ያስፈልገኛል። እሳቸው ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። መታመሜንም አልነገርኳቸውም።

መጀመሪያ ለእትዬ ጥሩ ደወልኩ። በየአርቡ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ይወጣሉ፤ እዚያ ኔትወርክ አለ። በስልኩ ውስጥ በግ ይጮሃል፣ ገብስ ይሰፈራል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው፤ ለአባባ ግን እንዳይነግሩ።»

«ምን መሰልኩሽ አንች? አፌ መቃብር።»

«በጎኔ ገብተው ልቤን ሊተኩሱት ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ እትዬ ጥሩ ዝም ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸው ከስልኩ ራቀ። «ሰማችሁ እናንተ? የወንድሜ ልጅ ልትተኮስ ነው። ፈረንጆቹ ናቸው። አዎ፣ እኔ ያልኩት ቦታ ላይ።» ተመለሱልኝ። «ማጭዳቸው ምን ያህላል?»

«ማጭድ አይደለም እትዬ፤ ቀጭን መሣሪያ ነው።»

«ይኸን ያህል ተምረው ተምረው ቀጭን ማጭድ ላይ ደረሱ? እሱስ ደግ ነው። ያን ዕለት ጠቆም ባደርግልሽ ኖሮ ይኸን ሁሉ አገር ባልዞርሽ።»

«አባባ እንዳይሰሙ።»

«አልኩሽ እኮ፣ መቃብር ነው።»

መቃብሩ ምሽት ላይ ተከፈተ። እትዬ ጥሩ ከገበያ ሲመለሱ በየደጁ እየቆሙ እንደነገሩ በኋላ ሰማሁ። ለአባቴ ግን አልነገሩም፤ ቃላቸውን ጠብቀዋል። የነገሯቸው ያን ዕለት የሰሙት ሌሎቹ ሁሉ ናቸው።

እዚህ ደግሞ ሜኔር ቪም በሬን አንኳኩ። ፊታቸው ገርጥቷል።

«አለሽ?»

«አለሁ ሜኔር።»

«መውደቅ አቆምሽ። ሞተሽ ይሆናል ብዬ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሆስፒታሉ፣ ስትወጪ ወደ ቤት የሚወስድሽ ማን ነው፣ ብሎ እንደጠየቀኝና መልስ እንዳጣሁም ነገርኳቸው። በጋይንት ቢሆን ሰበካው በሙሉ በቃሬዛ ይሽቀዳደምብኝ ነበር፤ እዚህ አንድ ስም ቸገረኝ። ሜኔር ቪም ኪሳቸውን ዳብሰው የመኪና ቁልፋቸውን አወጡ።

«የኔን ስም ንገሪያቸው። መኪናው አሮጌ ነው ግን ይሄዳል።» ደረጃው ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ደግመሽ መውደቅ የምትጀምሪው መቼ ነው?»

«ምነው፣ ይረብሽዎት የለም?»

«ከእንቅልፌ የምነሳው በሱ ነበር። አሁን ሥራዬ ሁሉ ረፈደብኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልኬ ጮኸ። የእትዬ ጥሩ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የአባባ። ኔትወርክ ለማግኘት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ድረስ መውጣት አለባቸው።

«የውብዳር፣ ምነው ደበቅሽኝ?»

«እንዳይጨነቁ ብዬ ነው አባባ።»

«አልተጨነቅሁም። ከአርብ ወዲህ እንቅልፍ አላየሁም እንጂ አልተጨነቅሁም።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። በይ ስልኩን ደረትሽ ላይ አድርጊው።»

«ምን?»

«አድርጊው አልኩሽ። እኔ ስንት ዘመን ነው የሰው ምት ስሰማ የኖርኩ?»

ስልኩን ከግራ ጡቴ በታች አደረግሁት፤ እትዬ ጥሩ ካሉት ቦታ ላይ። ከደረቴ ውስጥ እንደሚመጣ ያህል የአባባ ድምፅ በቀጭኑ፣ «አትናገሪ» ይለኛል። ቆየሁ። ከታች ሜኔር ቪም ሬዲዮናቸውን ዝግ አደረጉት። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንሺው ሲሉ ሰማሁና ጆሮዬ ላይ መለስኩት።

«ሰማሁት» አሉ። «አንዴ ይመታል፣ ይጠፋል። ደግሞ ሦስት ይደራርብና ይጠፋል።»

«አባባ፣ እሱ እኮ ኔትወርኩ ነው። እየተቆራረጠ ነው።»

«ኔትወርክም ይሁን ሌላ፣ በመቋሚያ የሚዘመም አይደለም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሲስቁ ትንፋሻቸው ሲቆረጥ ሰማሁ።

«እያለከለኩ እኮ ነው አባባ።»

«ዳገቱ ነው።»

«ዱሮ እየዘመሩ ነበር የሚወጡት።»

«ዳገቱ ጨምሯል።»

ያን ጊዜ ጠየቅኋቸው። ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ፣ ይወስኑልኝ አልኳቸው። እንዴት ነው የሚያደርጉት አሉኝ። ጎኑን፣ ካሜራውን፣ አንዱ ሳንባ እያረፈ በሌላው መተንፈሱን ነገርኳቸው። በየመሐሉ፣ እህ፣ ይላሉ፣ ተማሪ ቃል ሲያደርስላቸው እንደሚሉት።

«ተማሪ ምት ሲስትብኝ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንዳንዱ መምህር ከማኅሌት ያወጣዋል። እኔ አውጥቼ አላውቅም። አጠገቡ ቆሜ በመቋሚያዬ መሬቱን እመታለታለሁ፣ እስኪመለስ። እነሱም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት?»

«እነሱ ይተኩሱታል አባባ።»

«ወይ ጥሩ። ከእንግዲህ ማን ይችላታል?» ንፋሱ ይሰማኛል፤ የኛው ንፋስ። «እንግዲህ ስሚኝ። ያ ዳገት አሁንም አለ። እኔም እስካሁን አለሁ። አንች ግን...»

ተቋረጠ።

ደወልኩ። አንዲት ሴት በጥሩ አማርኛ፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም አለችኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ያችው ሴት ናት፣ አልሰለቻትም። አንች ግን ምን? አንች ግን ነይ ነው? አንች ግን ተጠንቀቂ ነው? አባቴ ቃል ጀምረው ሳይጨርሱ ቀርተው አያውቁም።

ስልኩን አስቀምጬ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። አንዴ መታ፣ ጠፋ። ሦስት ደረበ፣ ጠፋ።

ሰኞ ጠዋት ለዶክተር ማሪት ደውዬ እሺ አልኳት። ብቻሽን ወሰንሽ አለችኝ፤ ብቻዬን አይደለም አልኳት። የተቀጠርኩት ለፊታችን ሐሙስ ነው። ሜኔር ቪም መኪናቸውን አጥበው በር ላይ አቁመዋል፣ በየቀኑም ወጥተው ሞተሩን ያስነሱታል።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን ወደዚያ የሚሄደው መስመር ተዘግቶብኛል። ስለዚህ በንፋስ መውጫም ሆነ በአርብ ገበያ ያላችሁ፣ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ወደ ቤተ ልሔም የሚሄድ ካለ ለአባቴ አንድ ቃል አድርሱልኝ። ልጅዎ፣ ኔትወርኩ አልነበረም፣ ልክ ነበሩ ብላለች በሏቸው። ያን ጉብታም አሁን አሁን አይውጡት በሏቸው፤ ለኔ ያስቀምጡልኝ።